«ዳታዬን ማን በላው?» ለሚሉ ሁሉ

ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፣

የሞባይል ዳታ ዋጋ በተነሳ ቁጥር ክርክሩ «ጊጋባይቱ በስንት ብር ነው?» የሚለው ላይ ይቆማል። ጥያቄው ተገቢ ነው። ስልክ የሚጠግን ባለሙያ ከደንበኞቹ አዘውትሮ የሚሰማው አቤቱታ ግን ሌላ ነው፤ «ትናንት የሞላሁት ዛሬ ባዶ ሆነ፣ ዳታዬን በሉብኝ» የሚል። አብዛኛውን ጊዜ በይው እዚያው ኪስ ውስጥ ያለው ስልክ ነው፤ የበላውንም በዝርዝር መዝግቦ ይዟል። ስለዚህ ምን ያህል ዳታ እንደሚበቃ የሚታወቀው ከማስታወቂያው ሳይሆን ከዚህ መዝገብ ነው።

በአንድሮይድ ስልክ መዝገቡ «ሴቲንግስ» ውስጥ «ዳታ ዩሴጅ» በሚል ስም ይገኛል። ቦታው ከስልክ ስልክ ስለሚለያይ በሴቲንግስ አናት ላይ ባለው መፈለጊያ «ዳታ» ብሎ መጻፉ ያቀላል። መተግበሪያዎቹ ከበላተኛው ጀምረው ወደ ታች ተደርድረው ይታያሉ። እዚያው የዑደት መነሻ ቀን የሚሞላበት ቦታ አለ፤ ካልነኩት ከፈረንጆቹ ወር መባቻ ስለሚጀምር ጥቅሉ በተገዛበት ቀን ይተኩት። የአይፎን ቆጣሪ ደግሞ በራሱ ወደ ዜሮ አይመለስም። ከሁለት ዓመት በፊት የታየ ቪዲዮ ሁሉ እየተደመረ ስለሚቆይ ቁጥሩን አይተው እንዳይደነግጡ። «ሴሉላር» ወይም «ሞባይል ዳታ» የሚለውን ከፍተው እስከ ታች ይውረዱና «ሪሴት ስታቲስቲክስ» የሚለውን ይንኩ፤ ልኬቱ ከዚያ ይጀምራል።

ለሰባት ቀን እንደወትሮው ይጠቀሙ። የሳምንቱን ድምር በ4.3 ሲያባዙት የ30 ቀኑን ያገኛሉ፤ በዚያ ላይ አንድ አምስተኛ መጠባበቂያ ይጨምሩ። የሚለካበት ሳምንት ግን ይመረጥ። ስልክ አዲስ የተገዛበት ሳምንት አይሆንም፤ መተግበሪያዎች ሲጫኑና ሲታደሱ፣ የድሮ ፎቶዎች ሲመለሱ ብዙ ጊጋባይት ይሄዳል። የገና ወይም የፋሲካ ሳምንትም አይሆንም፤ ያን ጊዜ ከዘመድ ጋር የሚደረገው የቪዲዮ ጥሪ ብቻውን ሒሳቡን ያዛባዋል።

መለካት ለማይመቸው ግምታዊ ቁጥሮች አሉ። በዋትስአፕ የድምፅ ጥሪ በደቂቃ ግማሽ ሜጋባይት ገደማ ይወስዳል፤ የቪዲዮ ጥሪ 5 አካባቢ። ከአረብ አገር ልጆቻቸው ጋር በኢሞ ወይም በሌላ መተግበሪያ እየተያዩ ሰዓት ሙሉ የሚያወሩ እናት ወደ 300 ሜጋባይት ሊያወጡ ይችላሉ። እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚስተው ነገር «እሷ ስለደወለች ከእኔ አይቆጠርም» የሚለው ነው። በኢንተርኔት ጥሪ ሁለቱም ወገን ይልካል፣ ሁለቱም ይቀበላል፤ ስለዚህ ከሁለቱም ይቆጠራል። ቲክቶክ በደቂቃ 12 ሜጋባይት ያህል ይበላል፤ ምክንያቱም እርስዎ አንዱን እያዩ ሳለ ቀጣዮቹን ቀድሞ እያወረደ ነው። ሳያዩ በጣት የገፏቸውም ተከፍሎባቸዋል ማለት ነው። በሴኮንድ 128 ኪሎቢት የሚመጣ ድምፅ፣ ሬዲዮም ይሁን ሙዚቃ፣ በሰዓት ከ58 ሜጋባይት አይበልጥም።

ዩቲዩብ ላይ ቆም ማለት ያስፈልጋል፤ «ኔትወርኩ ተሻሻለ ከተባለ ወዲህ ዳታዬ አይበረክትም» የሚለው ቅሬታ መልሱ እዚህ ነው። የምስሉ ጥራት «አውቶ» ላይ ከሆነ መተግበሪያው የመስመሩን ፍጥነት እየለካ የቻለውን ያህል ጥራት ያመጣል። 3ጂ እየተንገታገተ በ144 (ዝቅተኛው የምስል ጥራት ነው፤ ቁጥሩ ሲጨምር ጥራቱም ይጨምራል) ያመጣው የነበረው ቪዲዮ በ4ጂ 720 ሆኖ ይመጣል። በ144 ግማሽ ሰዓት ማየት 45 ሜጋባይት ገደማ ይፈጃል፤ በ720 ግን ያው ግማሽ ሰዓት 600 እና ከዚያ በላይ። ፊልሙ ያው፣ ሰዓቱ ያው፣ ወጪው ከአሥር እጥፍ በላይ። በትንሽ ስክሪን 360 ለዓይን ይበቃል፤ በደቂቃም 6 ሜጋባይት ገደማ ነው። ለማስተካከል በዩቲዩብ ሴቲንግስ «ቪዲዮ ኳሊቲ ፕሪፈረንስስ» ውስጥ ይግቡና በሞባይል ኔትወርክ ሲሆን «ዳታ ሴቨር» እንዲሆን ይምረጡ። መዝሙር፣ ስብከት ወይም ዜና ከፍቶ ስልኩን ጠረጴዛ ላይ አስቀምጦ የሚያዳምጥ ሰው ደግሞ ወደ 144 ያውርደው፤ ማንም የማያየውን ምስል በገንዘብ ማውረድ ምን ይሠራል?

እነዚህን ቁጥሮች በአንድ ሰው ላይ እንሞክራቸው። በቀን 20 ደቂቃ የድምፅ ጥሪ፣ ግማሽ ሰዓት ዩቲዩብ በ360፣ 20 ደቂቃ ቲክቶክ፣ ለቴሌግራምና ለፌስቡክ 60 ሜጋባይት እንበል። 10፣ 180፣ 240 እና 60 ሲደመሩ በቀን 490 ሜጋባይት፣ በ30 ቀን ከ14 ጊጋባይት በላይ ይሆናል። ዩቲዩቡን ብቻ ወደ 144 ቢያወርደው 4 ጊጋባይት ገደማ ይተርፈዋል። ጥሪውን ሙሉ በሙሉ ቢተወው ግን የሚያድነው በወር 300 ሜጋባይት ብቻ ነው። ዳታ ለመቆጠብ ሲባል ከሰው ጋር ማውራት የሚቀንሱ ሰዎች የተሳሳተውን በር ነው የሚዘጉት።

ወደ ቴሌግራም እንምጣ። ትላልቅ ቻናሎችና የቡድን ገጾች ውስጥ ያለ ሰው ስልኩን ሳይከፍት እንኳ ቪዲዮ ይወርድለታል። «ዳታ ኤንድ ስቶሬጅ» ውስጥ ለሞባይል ዳታ፣ ለዋይፋይና ለሮሚንግ ለየብቻ የተቀመጠ የራስ ሰር ማውረጃ አለ፤ የሞባይሉን ይዝጉት። የቪዲዮ በራሱ መጫወትንም እንዲሁ። ሌላው የማይታወቅ ቀዳዳ የስልኩ ማከማቻ ጥበት ነው። ባለ 32 ጊጋባይት ስልክ ሲሞላ ሰው የቴሌግራምን ካሽ (ስልኩ ላይ ወርደው የተቀመጡትን ፋይሎች) ያጸዳል፤ ከዚያ ያንኑ ቪዲዮ መልሶ ሲከፍት እንደ አዲስ ይወርዳል፣ ሁለተኛ ይከፈልበታል። መላክም እንደ መቀበል ይቆጠራል። ከካሜራ የወጣ ፎቶ 4 ሜጋባይት ሊሆን ይችላል፤ እንደ ፎቶ ሲላክ ይጨመቃል፣ «ፋይል» ተብሎ ሲላክ ግን እንዳለ ይሄዳል። በቴሌግራም የመጣን ነገር ለሌላ ሰው ማስተላለፍ ግን እንደ አዲስ መጫን ስለማይጠይቅ አያሳስብ።

ሳፋሪኮም ኢትዮጵያ በ2015 ዓ.ም. መጀመሪያ ሥራ ከጀመረ ወዲህ ሁለት ሲም በአንድ ስልክ መያዝ የተለመደ ነው። በዚህ ላይ የመጣ ጣጣ አለ። አንዳንድ ስልኮች የአንዱ ሲም ኔትወርክ ሲደክም ዳታውን በራሳቸው ወደ ሌላው ያሻግራሉ። በሌላው ሲም ላይ ጥቅል ከሌለ የሚቆረጠው ከካርዱ ነው። ሲሙ በሚስተካከልበት ገጽ «ዳታ ስዊቺንግ» የሚለውን ያጥፉት። በአይፎን ላይ ይህን የሚመስል «ዋይፋይ አሲስት» የሚባል አለ፤ ዋይፋይ ሲዳከም ወደ ሞባይል ዳታ ያዞራል፣ ከፋብሪካ ሲመጣም በርቶ ነው።

በ2015 ዓ.ም. ከየካቲት ጀምሮ ፌስቡክ፣ ቴሌግራምና ቲክቶክ ለወራት ተገድበው ስለነበር ብዙ ሰው ቪፒኤን፣ ማለትም የሚያልፈውን ዳታ ሸፍኖ እገዳን የሚያሻግር መተግበሪያ፣ ጫነ። እገዳው ተነሳ፣ ቪፒኤኑ ግን በብዙ ስልክ ላይ እንደበራ ቀረ። ቪፒኤን በራሱ ትንሽ ዳታ ይጨምራል፤ ዋናው ችግር ግን የማኅበራዊ ሚዲያ ጥቅል ለሚገዙ ሰዎች ነው። የቴሌኮም ድርጅቱ ያ ጥቅል ለየትኛው መተግበሪያ እንደዋለ የሚለየው የሚያልፈውን ዳታ አይቶ ነው። በቪፒኤን ከተሸፈነ ቴሌግራም መሆኑን አያውቅም፤ ስለዚህ ከመደበኛው ዳታ ወይም ከካርዱ ይቆርጣል። ፌስቡክ ላይ ያገኙትን ሊንክ ነክተው ወደ ሌላ ድረ ገጽ ሲሄዱም ፌስቡክ መሆኑ አብቅቷል።

መጠኑ ከታወቀ በኋላ የጊዜው ነገር ይመጣል። የወርኃዊውን ዋጋ ለዕለታዊው ዋጋ ያካፍሉት። ውጤቱ ለምሳሌ 12 ከሆነ፣ በወር ከ12 ቀን በታች ዳታ የሚከፍት ሰው፣ የዕለቱ መጠን እስከበቃው ድረስ፣ ዕለታዊው ይሻለዋል። ሥራ ቦታ ዋይፋይ ያለው ሰው በርካሽ ጊጋባይት ተስቦ ትልቅ ወርኃዊ ቢገዛ ግማሹ ሳይነካ ቀኑ ያልፍበታል። የ30 ቀን ጥቅል እንደ እኛ ወር ነው፤ 12 ጊዜ ሲገዛ 360 ቀን ይሸፍናል፣ ጳጉሜን ያለ ዳታ ይቀራል። የሌሊት ጥቅል ሲገዛ ደግሞ ሰዓቱ በየትኛው አቆጣጠር እንደተጻፈ ይታይ፤ በእንግሊዝኛ በመጣ መልእክት ላይ ማታ 10 ማለት የእኛ ከምሽቱ 4 ነው። ሰዓቱን ተሳስቶ ሁለት ሰዓት የሚፈጅ ፊልም ከፍቶ ከካርድ ማስቆረጥ ቀላል ነው።

ጥቅሉ ሲያልቅ ስልኩ ስለማይቆም የካርድ ሒሳብ በመደበኛው ታሪፍ መቆረጥ ይጀምራል። የኢትዮ ቴሌኮም ደንበኛ በ*804# ሒሳቡን እያየ ሊያነጻጽር ይችላል። ከዚህ የሚበልጠው መላ ግን በአንድሮይድ «ዳታ ዋርኒንግ ኤንድ ሊሚት» ውስጥ ነው። 5 ጊጋባይት ለገዛ ሰው ማስጠንቀቂያው 4 ላይ፣ መቁረጫው 4.8 ላይ ይሁን። የስልኩ ቆጠራና የድርጅቱ ቆጠራ በጥቂቱ ስለሚለያዩ እስከ 5 መጠበቅ አያዋጣም። አይፎን እንዲህ ያለ መቁረጫ የለውም። ለዚህም ይሁን ለጥንቃቄ፣ ገንዘቡን ካርድ አድርጎ ከመሙላት ቴሌብር ወይም ኤም-ፔሳ ላይ አስቀምጦ ጥቅሉን ብቻ ከዚያ መግዛት ይሻላል፤ ካርድ ላይ ያልተቀመጠ ብር በዳታ አይቆረጥም።

በሆትስፖት፣ ማለትም የስልኩን ዳታ እንደ ዋይፋይ አካፍሎ፣ ላፕቶፕ የሚያገናኝ ሰው እስካሁን ያልነውን ሁሉ ሊያፈርስ ይችላል። ዊንዶውስ የስልኩን መስመር እንደ ቤት ዋይፋይ ቆጥሮ ማሻሻያውን ያወርዳል፣ ፋይሎችን ወደ ደመና (በኢንተርኔት ላይ ወዳለ ማከማቻ) ይጭናል። የተገናኘበትን ዋይፋይ ባሕርያት ከፍተው «ሜተርድ ኮኔክሽን» የሚለውን ማብራት ይህን በአብዛኛው ይገታል።

ለዝግጅት ክፍሉ አንድ ጥያቄ አለኝ። የጥቅል ዋጋዎች በሰንጠረዥ ሲወጡ ከብርና ከጊጋባይት ጎን የአገልግሎት ቀኑ፣ የሚሠራበት ሰዓት፣ ጊዜው ሳያልቅ ቢታደስ ቀሪው ይተላለፍ እንደሆነም ቢጻፍ። እነዚህ ሦስቱ ከሌሉ «ርካሹ» ተብሎ የተመረጠው ጥቅል ለማን ርካሽ እንደሆነ አይታወቅም።

ከአክብሮት ጋር
የሞባይል ጥገና ባለሙያ፣ አዲስ አበባ