«የአድዋ ነው» ከማለታችን በፊት አፈሙዙን እንለካ

ይድረስ ለክቡር አዘጋጅ፤

በየቤታችን ግድግዳ ላይ ተሰቅለው ስለሚገኙ አሮጌ ጠመንጃዎች ማንነትና ዋጋ፣ በቤተሰባችን ከደረሰው ነገር ተነሥቼ ጥቂት እንድጽፍ ይፈቀድልኝ ዘንድ በአክብሮት እጠይቃለሁ።

አባታችን ባለፈው ዓመት ሲያርፉ ካወረሱን ንብረት መካከል አንድ ባለ አንድ አፈሙዝ አሮጌ ጠመንጃ ይገኛል። በቤታችን «ውጅግራው» እየተባለ ሲጠራ የኖረ ሲሆን፣ ቅድመ አያታችን በ1888 ዓ.ም. (1896 እ.ኤ.አ.) አድዋ የዘመቱበት እንደሆነ ስንሰማ አድገናል። ለቅሶው ሳይበርድ አንድ ገዢ በደላላ በኩል መጥቶ «የአድዋ መሣሪያ ከሆነ» ብሎ ከፍ ያለ ዋጋ ጠራልን። ታናሽ ወንድሜ ደግሞ ዝገቱን በብርጭቆ ወረቀት ፈግፍጎ በአባታችን ተዝካር ዕለት ሊተኩስበት አሰበ። ሁለቱንም እንዲታገሡ ለመንኳቸው። ፈቃዱ የወጣው በአባታችን ስም በመሆኑና በአዋጅ ቁጥር 1177/2012 መሠረት መሣሪያን ያለ ፈቃድ መያዝ ስለማይቻል አስቀድመን ለፖሊስ አሳወቅን፤ ከዚያም በጦር ሠራዊት ውስጥ ለረጅም ዘመን መሣሪያ ሲጠግኑ የኖሩ አንድ ጡረተኛ ቤታችን ድረስ መጥተው መረመሩልን።

ከእኒህ አዛውንት እንደተረዳሁት፣ ውጅግራ የሚለው ስም «ፉዚ ግራ» ከሚለው የፈረንሳይኛ መጠሪያ የመጣ ነው። የፈረንሳይ ጦር በ1874 እ.ኤ.አ. የተቀበለው፣ በአንድ ጊዜ አንድ ጥይት ብቻ የሚጎርስ ጠመንጃ ነው። ያው ጦር ከ1886 እ.ኤ.አ. ጀምሮ እኛ ለበን የምንለውን ሲታጠቅ የተረፈው ውጅግራ በብዛት ለሽያጭ ወጣ። ከፊሉ በቀይ ባሕር ወደቦች በኩል ወደ አገራችን ገብቶ በአድዋ ጦርነት ላይ አገልግሏል። ከፊሉ ግን በፈረንሳይና በቤልጅግ ጠመንጃ ሠሪዎች እጅ ወድቆ፣ የበርሜሉ ጥምዝ (ጥይቱን የሚያሽከረክረው የውስጥ ቦይ) እየተፋቀ ወይም በርሜሉ ራሱ እየተለወጠ፣ ፍንጣሪ እርሳስ የሚተፋ የወፍ ማደኛ ሆነ።

የእኛው ጠመንጃ ጎኑ ላይ የሴንት ኤቲየን ፋብሪካ ጽሑፍና 1874 የሚል ቁጥር አለበት፤ የቤተሰቡን ትረካ ያጸናውም ይኸው ቁጥር ይመስለኛል። ሆኖም ቁጥሩ የሞዴሉ መጠሪያ እንጂ የተሠራበት ዓመት አይደለም። የውጅግራ አፈሙዝ ስፋት 11 ሚሊ ሜትር ሲሆን የእኛው ሲለካ 17 ሊሞላ ጥቂት የቀረው ሆኖ ተገኘ፤ ውስጡም ጥምዝ የሌለበት ልሙጥ ነው። እንጨቱ ሲወልቅ ከበርሜሉ ሥር ኢ፣ ኤል እና ጂ የሚሉ የላቲን ፊደላት በእንቁላል ቅርጽ ተከበው፣ ከላያቸው ዘውድ ተቀርጾ ታየ። ይህ በቤልጅግ የሊዬዥ ከተማ የመሣሪያ መፈተሻ ቤት ማኅተም ነው፤ ዘውዱ የተጨመረበት ደግሞ በ1893 እ.ኤ.አ. ነው። እንግዲህ ይህ በርሜል የተፈተሸው ከአድዋ ጦርነት ሦስት ዓመት ቀደም ብሎ ወይም ከዚያ ወዲህ ባለ በማንኛውም ጊዜ ነው ማለት ነው። ለወፍ አደን የተለወጠ ጠመንጃ በዚያ አጭር ጊዜ ውስጥ ተጓጉዞ አድዋ ደረሰ ማለት ለእኔ የሚታመን አልሆነም።

ወንድሜን ከተኩስ ያስቆመው አንዲት ልኬት ናት። በዚያ ዘመን የነበሩት የአደን ጠመንጃዎች ጥይት መጉረሻ ብዙውን ጊዜ 65 ሚሊ ሜትር ርዝመት ነበረው፤ ዛሬ በብዛት የሚገኘው ቀለህ ደግሞ 70 ነው። ረጅሙ ቀለህ ሲጎርሱት ያለ ችግር ይገባል፤ ሲተኮስ ግን አፉ የሚከፈትበት ቦታ ስለሚያጣ ግፊቱ ከመጠን በላይ ይጨምራል፤ መሣሪያው የተሠራውም ከዛሬው ባሩድ ያነሰ ግፊት ለሚሰጠው ለጥቁር ባሩድ ነው። የብርጭቆ ወረቀቱም ቢሆን ማኅተሙን አጥፍቶ፣ ጠመንጃው ማን እንደሆነ የሚናገርበትን አፍ ይዘጋ ነበር። ሰብሳቢዎች ዋጋ የሚሰጡት መሣሪያው እንደተሠራ መቆየቱን፣ የክፍሎቹ ቁጥሮች መመሳሰላቸውንና ማኅተሞቹ መነበባቸውን አይተው ስለሆነ፣ የተለወጠ ውጅግራ አብዛኛውን ጊዜ ካልተለወጠው በታች ይገመታል። ለገዢው እውነቱን ስንነግረው ተመልሶ አልመጣም።

ያሳዘነኝ ገንዘቡ መቅረቱ አይደለም። አሮጌ ጠመንጃ ሁሉ «የአድዋ» እየተባለ በደላላ አፍ በተሸጠ ቁጥር፣ በእርግጥ አድዋ የዋሉት መሣሪያዎች ምስክርነታቸው ይደበዝዛል። ስለዚህ ሙዚየሞቻችንና የባህል ጽሕፈት ቤቶቻችን፣ በየአካባቢው ያሉ ጡረተኛ የመሣሪያ ጠጋኞች ዕውቀታቸውን ይዘው ሳያልፉ፣ ወራሾች የያዙትን በሕጋዊ መንገድ አስመርምረው የሚያስመዘግቡበት አገልግሎት ቢከፍቱ መልካም ነው። ጋዜጣችሁም ይህንኑ ጉዳይ እንዲከታተልልን እለምናለሁ።

የሰማንያ ዓመቷ አክስታችን ውጤቱን ስትሰማ አልተደነቀችም። አያታችን በዚያ ጠመንጃ ዝንጀሮና ከርከሮ ከበቆሎ ማሳ ሲያባርሩበትና ቆቅ ሲያድኑበት እንደነበር አጫወተችን። ቃሏን ከልኬቱና ከማኅተሙ ፎቶግራፍ ጋር በጽሑፍ አስቀምጠነዋል።

ከአክብሮት ጋር፣
አንባቢያችሁ፣ ከደብረ ማርቆስ