የዶልፊን ትርኢት ትኬት ከመቁረጣችሁ በፊት

ውድ አባላት፣

በእረፍት ልጆቻችሁን ወደ ዶልፊንና ኦርካ (ጥቁርና ነጭ መልክ ያለው ትልቁ የዶልፊን ዘመድ) ትርኢት ልትወስዱ ያሰባችሁ አላችሁ። እባካችሁ መጀመሪያ ይህን አንብቡ።

ቶኪቴ የተባለችው ኦርካ በ1970 እ.ኤ.አ. በአሜሪካ ዋሽንግተን ግዛት ባሕር ላይ በግልገልነቷ ተያዘች። የወገኖቿ ልጆች፣ ወንዱም ሴቱም፣ ዕድሜ ልካቸውን ከእናታቸው አይለዩም። እሷ ግን ማያሚ ውስጥ 24 ሜትር ርዝመትና 6 ሜትር ጥልቀት ባለው ገንዳ ከ50 ዓመት በላይ ቆይታ በ2023 ሞተች። የአሜሪካ ደንብ ለኦርካ የሚጠይቀው ዝቅተኛ ጥልቀት 3.66 ሜትር ብቻ ነው፤ በባሕር ከ100 ሜትር በላይ ለሚጠልቅ እንስሳ!

ወደ ትርኢቱ የሄደ ሰው የኦርካዎቹን ጥርስ ይመልከት። ሲሰለቹና ሲጨነቁ የገንዳውን ግንብና የብረት በር ያኝካሉ፤ ጥርሱ እስከ ሥሩ ይፈገፈጋል፣ ውስጡ ይጋለጣል። ያኔ ኢንፌክሽን እንዳይገባ ጥርሱ ይበሳና በየጊዜው ይታጠባል። አንድ ቦታ ሳይንቀሳቀሱ መንሳፈፍ፣ ያንኑ ክብ ደጋግሞ መዞር፣ የወንድ ኦርካ የጀርባ ክንፍ መታጠፍም ልብ ሊባሉ ይገባል። የዶልፊን “ፈገግታ” የመንጋጋ ቅርጽ ነው፤ ታሞም ያው ነው።

የገንዳ እንስሳቱ ምግብም በረዶ የሆነ ዓሣ ነው። ሲቀመጥ ቫይታሚን ቢ1 ስለሚያጣ በእንክብል ይተካል። በዓሣው ውስጥ ያለው ውኃም ስለሚቀንስ አንዳንዶቹ እንስሳት በቱቦ ውኃ ይሰጣቸዋል።

ከዶልፊን ጋር መዋኘትና ፎቶ መነሳት ይቅርባችሁ። ልጆቹን በጀልባ፣ ርቀት ጠብቆ ከሚሄድ አስጎብኚ ጋር፣ ወይም ከባሕር ዳርቻ ሆነው በባሕር በነጻነት የሚኖሩትን እንዲያዩ ውሰዷቸው።