ለሲስተር፣ ለእማዬ፣ ለጎረቤቴም
ባለፈው ቅዳሜ ልጃችን አንድ ዓመት ሞላው። ዳቦ ተቆረሰ፣ ቡና ተፈላ። እኔ ግን ዓይኔ የእንግዶቹ ትከሻ ላይ ነበር። ማንም ጨርቅ አልጣለበትም! ወራቱን ሙሉ በቤታችን ትከሻው ላይ ጨርቅ ሳያደርግ ልጁን የሚያቅፍ አልነበረም።

ለማያውቅ ልንገር። ልጄ ያቀረሽ ነበር። ጠብቶ ሳይጨርስ ልብሴን፣ ጋቢውን፣ አልጋውን ያዳርሳል። አንድ ሌሊት በአፍንጫው ሲወጣ ጮኬ ግቢውን ቀሰቀስኩት። በማግስቱ ተፈረደ፦ "እንጥሉ ወርዶ ነው፤ ይቆረጥ።" ቆራጭ ተገኘ፣ ለቅዳሜ ተቀጠረ። አዎ፣ እኔም እሺ ብያለሁ። እንቅልፍ ያጣ ሰው እሺ የማይለው ነገር የለም።

ሐሙስ የ45 ቀን ክትባቱ ነበር። ሲስተር፣ ስምሽን እንኳ አልጠየቅኩም። ሚዛን ላይ አስቀመጥሽው፣ ካርዱን አየሽ። ሲወለድ 3.2 ኪሎ የነበረው 4.7 ገብቷል። "ሲያቀረሽ ያለቅሳል?" አልሽኝ። "ኧረ ይስቃል" አልኩሽ። አንቺም ሳቅሽ። ያ ሁሉ ሰው ተሰልፎ እያለ ቁጭ ብለሽ አስረዳሽኝ። በምግብ ቧንቧና በጨጓራ መሀል ያለው ጡንቻ በሕፃን ላይ ገና ልል ነው። ምግቡ ፈሳሽ፣ ውሎው ጋደም ብሎ ነው፤ ስለዚህ ይመለሳል። እስከ 4 ወር ገደማ ሊብስ ይችላል፣ ቁጭ ማለት ሲጀምር ይቀንሳል፣ አብዛኞቹ ዓመት ሲሞላቸው ይተዋቸዋል። እንጥል የሚባለው ከነገሩ የለበትም። መቁረጡ ግን ያደማል፣ ያመረቅዛል።

መድኃኒት ጠበቅኩ፤ አልሰጠሽኝም። ያን ቀን ከፍቶኝ ነበር። ዛሬ በተለይ የማመሰግንሽ ለእሱ ነው። እያደገና እየሳቀ የሚያቀረሽ ልጅ የአሲድ መድኃኒት አያስፈልገውም አልሽ። ያለቀሰ ሁሉ አልራበውም፤ ትንሽ ትንሽ አጥቢው፣ መሀል ላይ አስገሺው፣ ሲጨርስ ግማሽ ሰዓት ያህል ቀና አድርጋችሁ ያዙት። ሲተኛ ግን በጀርባው፣ ደልዳላ ፍራሽ ላይ፣ ያለ ትራስ። "አረንጓዴ ወይም ደም ያለበት ካስመለሰ፣ እየተስፈነጠረ ከወጣ፣ ጡት እምቢ ካለ፣ ኪሎው ከቆመ ግን ዛሬ ነገ ሳትዪ አምጪው" ያልሽውን ባለቤቴ ጽፎ ግድግዳ ላይ ለጠፈው። እስካሁን አልተነሳም።

እማዬ፣ ቅዳሜ ቆራጩ ሲመጣ በር ላይ ቆመሽ የመለስሽው አንቺ ነሽ። እኔ ደውዬ መሰረዝ አፍሬ ነበር። "የበኩር ልጄ ተቆርጦ ሌሊቱን ሲደማ አድሯል፤ ዓይኔ እያየ አይደገምም" አልሽው። ታላቅ ወንድሜ ያን ማለፉን የሰማሁት ያን ቀን ነው።

ባለቤቴ፣ ከሌሊቱ 9 ሰዓት ያለችው ግማሽ ሰዓት ያንተ ነበረች። ቆመህ እያንጎላጀህ ያዝከው። ጋቢህ አሁንም እርጎ እርጎ ይላል፤ ይቅርታ።

ቆራጩን ያገኙልን ጎረቤቴ፣ እንዳይቀየሙኝ። ክፉ አስበው እንዳልሆነ አውቃለሁ። በዚያው ሳምንት የልጁን ጨርቅ ሁሉ ያጠቡልኝም እርስዎ ነዎት። ያዋሱኝ ስድስት ፎጣ ታጥቦ፣ ታጥፎ ተቀምጧል። እሑድ ቡና ሲመጡ ይውሰዱት።