ለስልክም አፎት አለው

ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፤

ጤና ይስጥልኝ። ባለፈው ሰሞን ስለ ስልክ ዕቃዎች ባወጣችሁት ጽሑፍ ላይ፣ ስልክ ሲወድቅ እንዳይሰበር የሚለብሰውን ነገር መጀመሪያ «ካቨር»፣ ዝቅ ብላችሁ «ኬዝ»፣ መጨረሻ ላይ ደግሞ «ሽፋን» አላችሁት። በዚያው ቀን ጋዜጣ የደን ሽፋን፣ የክትባት ሽፋን፣ የኔትወርክ ሽፋን፣ የመድን ሽፋን አንብቤአለሁ። ሽፋን የሚለው ቃል ይህን ሁሉ ተሸክሞ አሁን ደግሞ ስልክ ሲጨመርበት ዝም ማለት አልቻልኩም።

የወንድሜ ልጅ እዚህ ደብረ ማርቆስ ስልክ የሚጠግንባት ትንሽ ሱቅ አለችው። ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ ከሰዓት በኋላ እሱ ጋ እየተቀመጥኩ ጋዜጣ አነባለሁ። አንድ የገበያ ቀን አንድ አዛውንት ገቡ። ጋቢ ለብሰዋል፣ በወገባቸው ጩቤ ታጥቀዋል፣ በእጃቸው ልጃቸው የላከላቸውን አዲስ ስልክ ይዘዋል።

«የኔ ልጅ፣ ለዚህች አፎት አለህ?» አሉት።

ልጁ ግራ ገባው። «ምን አሉኝ አባባ?»

«አፎት ነዋ! እንዳትጫር።» ይህን ብለው ጩቤያቸውን ከነአፎቱ፣ ማለትም ከነሰገባው፣ ከፍ አድርገው አሳዩት፤ መልሰውም ስልካቸውን አሳዩት። ልጁ ሳቅ ብሎ ጥቁር የፕላስቲክ ካቨር አወጣላቸው። ስልኩ በልኩ ቀጭ ብሎ ሲገባ አዛውንቱ «ይኸው! አፎቷ ነው» ብለው ከፍለው ሄዱ።

እኔ ጋዜጣውን እንደያዝኩ ቀረሁ። ሰውየው ቃል አልፈጠሩም፤ የነበረውን አነሡ እንጂ። ሽፋን ማለት በማንኛውም ነገር ላይ ጣል የሚደረግ ነው፤ ልክ አይጠይቅም። አፎት ግን የአንዱ ጩቤ ለሌላው አይሆንም። የስልኩም እንደዚሁ ነው፤ የአንዱ ስልክ ካቨር ለሌላው አይገጥምም፣ የካሜራው ቀዳዳ እንኳ ቦታውን ይስታል። ዕቃውን የሚያውቅ ሰው ትክክለኛውን ቃል ሰጠው።

ይህ እንግዳ ነገር አይደለም። ስልኩን ራሱን «ቀፎ» እያልን የምንጠራው እኛው ነን። ቀፎ የንብ ነው፤ አያቴ ከቀርከሃ ሰርተው፣ በእበት መርገው፣ ውስጡን በወይራ አጥነው ዛፍ ላይ ይሰቅሉት ነበር። ንብ ያልገባበት ቀፎ ባዶ ነው። ሲም ካርድ ያልገባበት ስልክም እንደዚያው ድምፅ የለውም። ይህን ስም ያወጣው ማን እንደሆነ እንጃ፤ ግን ቀፎ አይቶ የሚያውቅ ሰው ለመሆኑ አልጠራጠርም። ዛሬ ንብ ያላየ የከተማ ልጅ ሁሉ «ቀፎው ስንት ነው?» ይላል።

አባቶቻችን ለእያንዳንዱ መያዣና ልባስ ስም ነበራቸው። ለምጣድ አክንባሎ፣ ለኮት ገበር፣ ለቡና ገለፈት፣ ለጥይት ቀለህ። እናቴ ኩሏን የምታስቀምጠው በጠመንጃ ቀለህ ነበር፤ አፉን በእንጨት ውታፍ ትዘጋዋለች። እኔ የተማርኩበት ትምህርት ቤት ደወል ደግሞ ከዋርካ ላይ የተንጠለጠለ የመድፍ ቀለህ ነበር። ድምፁ ማዶ ድረስ ይሰማል።

ከሁሉም ግን ወደ ልቤ የሚቀርበው ማኅደር ነው፤ እንጀራዬን የበላሁበት ቃል ስለሆነ። አባቴ ቄስ ነበሩ። የብራና ዳዊታቸው ሁለት ገበታ አለው፣ ከዋንዛ የተጠረበ። በገበታው ላይ ድጉስ አለ፤ በጋለ ብረት መስቀልና ሐረግ የታተመበት ቀይ ቆዳ። ይህ ሁሉ ተለብሶ ደግሞ ማኅደር ውስጥ ይገባል። ማኅደሩ ያልለፋ የበሬ ቆዳ ነው፤ በልኩ ተሰፍቶ ሲደርቅ እንደ ጣውላ ይጠነክራል። ከላይ ክዳን፣ ከጎኑ የጠፍር ማንገቻ አለው። አባቴ በክረምት ወንዝ ሲሻገሩ ጋቢያቸው እስኪጨመቅ ይረጥባል፣ ዳዊቱ ግን ደረቅ ነው። ማኅደር በግዕዝ ማደሪያ ማለት ነው፤ መጽሐፉ የሚያድርበት ቤት።

በ1974 ዓ.ም. መዝገብ ቤት ስቀጠር የመጀመሪያ ሥራዬ «የግል ማኅደር» መክፈት ነበር። የእያንዳንዱ ሠራተኛ የቅጥር ደብዳቤ፣ ዕድገት፣ ቅጣት፣ የዓመት ፈቃድ በአንድ ወፍራም ካርቶን ውስጥ በቁጥሩ ይታሰራል። ያ የአባቴ ቃል እዚህ እንዴት መጣ ብዬ ተደንቄ ነበር። 35 ዓመት ሙሉ ማኅደር ስከፍትና ስዘጋ ኖርኩ።

አንድ ጊዜ መሥሪያ ቤታችን ቢሮ ሲቀይር፣ ካርቶኑ ቦታ ይይዛል ተብሎ ወረቀቶቹ ከማኅደራቸው ወጥተው በማዳበሪያ ታጨቁ። አይሆንም ብዬ ለመንኩ፤ የሰማኝ የለም። ጭነቱ ሜዳ ላይ እንዳለ ዝናብ መጣ። ከዚያ በኋላ ለሳምንታት ወረቀት በገመድ ላይ እያሰጣሁ ነው የሰነበትኩት፤ የማን እንደሆነ የማይታወቅ ስንት ወረቀት ቀረ። ለጡረታ የደረሰ አንድ የጥበቃ ሠራተኛ የቅጥር ደብዳቤው በመጥፋቱ አገልግሎቱን ለማስመስከር 11 ወር ተመላለሰ። በየጠዋቱ የቢሮዬ በር ላይ ቆሞ «ዛሬስ ተገኘልኝ?» ሲለኝ ቀና ብዬ ላየው አልችልም ነበር። ማኅደር የሚለውን ቃል የሚሰማው ሰው ወረቀቱን ከቤቱ አውጥቶ ማዳበሪያ ውስጥ አይከተውም ነበር ብዬ አስባለሁ።

ማዳበሪያ ካልኩ፣ እሱም የራሱ ታሪክ አለው። ስሙ የአፈር ማዳበሪያው ነበር፤ ገበሬው ይዘቱን ማሳው ላይ በትኖ ከረጢቱን አስቀረው፣ ስሙም ከረጢቱ ላይ ቀረ። አሁን አንድ ማዳበሪያ ከሰል፣ አንድ ማዳበሪያ ጤፍ እንላለን። ስልቻና አቅማዳ ከገበያው ወጥተዋል፤ ለዚህ አልቆጭም፣ የቆዳ ከረጢቶቹ ራሳቸው ጠፍተዋልና። አፎት ግን ዕቃውም አለ፣ ሰውም ያውቀዋል፣ የሚጽፈው ነው የጠፋው።

ስለዚህ ልመናዬ አንድ ነው። ስለ ስልክ ስትጽፉ «የስልክ አፎት» በሉት። መጽሐፍ መስሎ የሚከፈተውንና የሚዘጋውን የቆዳውን ዓይነት ደግሞ ማኅደር ብትሉት ደስ ይለኛል፤ አባቴ ቢያዩት በዚያ ስም የሚጠሩት ይመስለኛል። ሽፋንን ለደኑና ለክትባቱ ተዉለት። «ካቨር» የሚለውን ከጎኑ ብትጽፉም አልቀየምም፤ አንባቢ እስኪለምደው ነው።

የወንድሜ ልጅ በሱቁ መስታወት ላይ በነጭ ቀለም «የስልክ አፎት አለ» ብሎ ጽፏል። ወጣቶቹ ምን ማለት ነው እያሉ ይጠይቁታል፤ እሱም የአዛውንቱን ጩቤ በእጁ እያሳየ ያስረዳቸዋል።

ከአክብሮት ጋር፣
ጡረተኛ የመዝገብ ቤት ሠራተኛ
ከደብረ ማርቆስ