በዚህ ብርድ ትንንሾቹን በምን እናቆያቸው?

ሰላም የፍራንክፈርት እናቶችና አባቶች፣

እንደምታስታውሱት በኮሮና ምክንያት ዲሴምበር 16 ቀን 2020 የጀመረው ገደብ እስከ ጃንዋሪ 31 ቀን 2021 ተራዝሞ ነበር። ኪታዎቹም (መዋዕለ ሕፃናቱ) «ልጆቹን ቤት ማቆየት የምትችሉ አቆዩ» ብለውን ነበር። ብዙዎቻችሁ ከሦስት እስከ አምስት ዓመት ያሉትን በምን እንያዛቸው ስላላችሁ ጥቂት ልበል።

ጠዋት፣ ብርድም ቢሆን፣ አልብሳችሁ አውጧቸው፤ አስራ አንድ ሰዓት ገደማ ይጨልማልና ከሰዓት በኋላን አትመኑ። የመጫወቻ ሜዳዎቹ ክፍት ናቸው።

ቤት ውስጥ ከሁሉ የሠራልኝ ሊጥ ነው። ሁለት ኩባያ ዱቄት፣ አንድ ኩባያ ጨው፣ አንድ ኩባያ ውኃ፣ ትንሽ ዘይት፣ ለቀለም እርድ። ጀበና፣ ሲኒ፣ ረከቦት እየሠሩ እቃ እቃ ይጫወታሉ፣ እናንተም በሰላም ወጥ ትሠራላችሁ (እንዳይበሉት ብቻ፣ ጨው በጨው ነው)። የሰኞ ማክሰኞ ዝላይ ደግሞ ወለሉ ላይ በወረቀት ፕላስተር ይሠራል፤ ግን ምንጣፍ ላይ ይሁን፣ የታችኛው ጎረቤት አለ። ሽንብራና ምስር ቀላቅሎ ማስለየትም ጥሩ ነው፣ አፍንጫው ውስጥ የሚከት ልጅ ካላችሁ ግን ተዉት።

ስልኩን ጨርሶ ከልክሉ አልልም፣ ማን ይችላል! ይልቅ ለአያት ይደወል። እኛ ጋ አስራ አንድ ሰዓት ሲሆን አዲስ አበባ ማታ አንድ ሰዓት ነው፣ እማማም ሥራ ጨርሰው አረፍ ይላሉ። «ተረት ተረት» ሲሉ «የላም በረት» ብሎ መመለስ ልጆቹ ይወዱታል፤ አማርኛቸውም ይፈታል።

ልጆቻችሁ ያደጉባችሁ፣ የማትፈልጉት መጫወቻ ወይም ትልቅ ካርቶን ካለ እዚሁ ጻፉ፤ በር ላይ ካስቀመጣችሁልን መጥተን እንወስዳለን።