አሞክሳሲሊን ለጉንፋን ለምን አይሠራም? መልሱ ያለው ሴል ውስጥ ነው

ክቡር አዘጋጅ፣

የጤና ዓምዳችሁ ያለ ሐኪም ማዘዣ አንቲባዮቲክ ስለ መውሰድ በቅርቡ ያወጣውን ጽሑፍ አንብቤዋለሁ። የተባለው ሁሉ ልክ ነው። እኔም ባሕር ዳር በአንድ የግል መድኃኒት ቤት የምሠራ ፋርማሲስት ስለሆንኩ ነገሩ የየዕለት ሥራዬ ነው። ጽሑፉ ግን «አንቲባዮቲክ ለቫይረስ አይሠራም» ብሎ አለፈ። ለምን እንደማይሠራ አንድ መስመር እንኳ የለውም። ሰው የሚፈልገው ደግሞ እሱን ነው።

ይህን የምለው መስኮቱ ጋ ቆሜ ስለማየው ነው። አንዲት እናት ልጇን አዝላ ትመጣለች። አፍንጫው ይፈሳል፣ ያስነጥሰዋል። አሞክሳሲሊን ሽሮፕ ስጪኝ ትለኛለች። «ጉንፋን ነው፣ አይጠቅመውም» ስላት «ባለፈው ሰጥቼው ለቆት የለ እንዴ?» ትላለች። እውነቷን ነው፣ ለቆታል። ጉንፋን በሳምንት አካባቢ በራሱ ጊዜ ይለቃል። «አይጠቅምም» ማለት ብቻውን እሷ በዓይኗ ያየችውን አያስተባብልም። ቅር ብሏት ወደ ቀጣዩ መድኃኒት ቤት ትሄዳለች። መድኃኒቱ ምኑን እንደሚመታ ስነግራት ግን ቆማ ትሰማለች። ብዙዎቹ «እንደሱ ከሆነማ ይቅር» ብለው ይመለሳሉ።

የምነግራት ይህንን ነው። ሰውነታችን የተሠራው ከሴሎች ነው። ባክቴሪያም ሴል ነው። አንድ ሴል ብቻ ቢሆንም ራሱን ችሎ ይመገባል፣ ያድጋል፣ ይባዛል። የእኛን ሴል ዙሪያውን የሚይዘው ስስ ሽፋን ነው። አብዛኛው ባክቴሪያ ግን ከሽፋኑ ውጭ ጠንካራ ግድግዳ አለው። ሰውነቱ ውስጥ ብዙ ነገር ስለሟሟ ውሃ ሁልጊዜ ወደ ውስጥ ይገፋል። እንዳይፈነዳ የያዘው ያ ግድግዳ ነው። ፔኒሲሊን፣ አሞክሳሲሊን፣ ሴፍትሪያክሶን የሚመጡት እዚህ ላይ ነው። ግድግዳው ሲሠራ ክሮቹን እርስ በርስ የሚያያይዘውን ኢንዛይም ሥራ ያስቆማሉ። ባክቴሪያው ማደጉን አይተውም፣ ግድግዳው ግን ይሳሳል። በመጨረሻ ከመጠን በላይ እንደተነፋ ፊኛ ይፈነዳል። እኛ እንዲህ ያለ ግድግዳ ስለሌለን መድኃኒቱ በዚህ መንገድ የእኛን ሴል አይጎዳም።

ተመራማሪው አሌክሳንደር ፍሌሚንግ ፔኒሲሊንን ያገኘው በ1928 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው። ከዚያ ቀደም ብሎ በእንባና በአፍንጫ ፈሳሽ ውስጥ ላይሶዛይም የሚባል ነገር አግኝቶ ነበር። እሱም ይህንኑ የባክቴሪያ ግድግዳ የሚያፈርስ ነው። ይህን ስናገር ሰው ሁሉ ደስ ይለዋል። እኔንም ሁልጊዜ ደስ ይለኛል።

ቫይረስስ? ቫይረስ ሴል አይደለም። በፕሮቲን የተጠቀለለ የዘር መመሪያ ነው። ግድግዳ የለውም፣ የራሱ ፕሮቲን መሥሪያም የለውም። እኛ ሴል ውስጥ ገብቶ በእኛው ዕቃ ይባዛል። ስለዚህ ልጁ ጉንፋን ይዞት አሞክሳሲሊን ሲጠጣ መድኃኒቱ የጉንፋኑ ቫይረስ ላይ የሚመታው አንድም ነገር አያገኝም። የሚያገኘው አንጀቱ ውስጥ ያሉትን ጠቃሚ ባክቴሪያዎች ነው። ተቅማጡ የሚመጣው ከዚያ ነው። ከመድኃኒቱ የተረፉት ባክቴሪያዎች ደግሞ የሚቋቋሙት ናቸው፣ የሚባዙትም እነሱ ናቸው።

አንቲባዮቲክ ከሚመታቸው የባክቴሪያ ክፍሎች የሴል ግድግዳ አንዱ ብቻ ነው። በክልላችን ትራኮማ የማያውቅ ቤተሰብ ጥቂት ነው። ቴትራሳይክሊን የዓይን ቅባት በየቤቱ አለ፤ በዘመቻ የሚታደለውን አዚትሮማይሲንም ብዙ ሰው ውጧል። ሁለቱም የሚመቱት የባክቴሪያውን ራይቦዞም ነው። ራይቦዞም በማንኛውም ሴል ውስጥ ፕሮቲን የሚሠራበት ክፍል ነው። በእኛ ሴል የዘር መመሪያው፣ ማለትም ዲኤንኤው፣ ኒውክለስ በሚባል ክፍል ውስጥ ይቀመጣል፣ ቅጂው ወጥቶ ራይቦዞም ያነበዋል። ባክቴሪያ ኒውክለስ የለውም። ራይቦዞሙም ከእኛ ያንሳል፤ የእሱን 70ኤስ፣ የእኛን 80ኤስ ይሉታል። መድኃኒቱ የሚጠቀመው በዚህ ልዩነት ነው። ሳይንቲስቶቹ ራማክሪሽናን፣ ስታይትስ እና ዮናት በ2009 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር የኬሚስትሪ ኖቤል ሽልማት የተሰጣቸው የራይቦዞምን ቅርጽ አጥርተው ስላሳዩ ነው። አንቲባዮቲክ የትኛው ቦታ ላይ እንደሚጣበቅም ከዚያ ሥራ ታይቷል።

እዚህ ላይ ማይቶኮንድሪያ ይመጣል። ተማሪዎቻችን «የሴል ኃይል ማመንጫ» ብለው ሸምድደው ፈተና ላይ ይጽፉታል፣ በቃ። ለእኔ ግን ሥራዬን ስሠራ ከሁሉም በላይ የማስበው ይህን ክፍል ነው። ማይቶኮንድሪያ የራሱ ዲኤንኤ አለው። የራሱ ራይቦዞምም አለው፣ እሱም የባክቴሪያን ይመስላል። ምክንያቱም ከብዙ ዘመን በፊት ሌላ ሴል ውስጥ ገብቶ የቀረ የባክቴሪያ ዘር ነው። የሥነ ሕይወት ተመራማሪዋ ሊን ማርጉሊስ በ1967 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ይህን ስትጽፍ ብዙዎች አልተቀበሏትም ነበር። ዛሬ በየመማሪያ መጽሐፉ አለ።

ነገሩ የታሪክ ወሬ ብቻ አይደለም። ክሎራምፌኒኮል ለረጅም ጊዜ የታይፎይድ መድኃኒት ነበር። የባክቴሪያውን ራይቦዞም ሲመታ የእኛንም ማይቶኮንድሪያ ስለሚነካ ደም የሚሠራውን መቅኒ ያዳክማል። ጄንታማይሲንና ስትሬፕቶማይሲን ጆሮ ሊጎዱ ይችላሉ። አንዳንድ ቤተሰቦች ደግሞ በማይቶኮንድሪያቸው ዲኤንኤ ላይ ትንሽ ለውጥ አለ፤ እነዚህ ሰዎች በተለመደው መጠን እንኳ መስማት ሊያቅታቸው ይችላል። ማይቶኮንድሪያ የሚወረሰው ከእናት ነው። ስለዚህ የጄንታማይሲን ማዘዣ ይዞ የሚመጣ ሰው ካለ «በእናትህ ወገን መርፌ ተወግቶ ጆሮው የደነቆረ ዘመድ አለ?» ብዬ እጠይቃለሁ። ሰዎች ግራ ተጋብተው ያዩኛል፣ ለምን እናት ብቻ ይሉኛል። አለ የሚል ካጋጠመኝ ሳልሰጠው ወደ ሐኪሙ እመልሰዋለሁ።

ወባም እንደዚሁ ነው። የበሰለ ቀይ የደም ሴል ኒውክለስ የለውም፣ ዕድሜው 120 ቀን ያህል ነው። የወባ ጥገኛ እዚያ ገብቶ ሄሞግሎቢኑን ራሱ ባለው ከረጢት ውስጥ ይፈጫል፤ ክሎሮኪን የሚሠራውም እዚያው ከረጢት ውስጥ ነው። ወደ ቆላ የሚወርድ መንገደኛ ለወባ መከላከያ ዶክሲሳይክሊን ሲታዘዝለት «ይህ የባክቴሪያ አይደለም እንዴ?» ብሎ ይጠይቀኛል። ጥሩ ጥያቄ ነው። የወባ ጥገኛ ከጥንት አልጌ የወረሰው ትንሽ የሴል ክፍል አለው፣ ራይቦዞሙም የባክቴሪያ ዓይነት ስለሆነ ዶክሲሳይክሊን ይመታዋል።

ክቡር አዘጋጅ፣ የ9ኛ ክፍል ተማሪ የሴልን ክፍሎች ስም በተርታ ሸምድዶ ከፈተና በኋላ ይረሳዋል። እናቱ ደግሞ በዚያው ቤት የተረፈ ካፕሱል ለሌላው ልጅ ትሰጣለች። ሁለቱ የሚማሩት አንድ ነገር መሆኑን ማንም አልነገራቸውም። ያናድደኛል፣ ያሳዝነኛልም። መምህራን ከእያንዳንዱ የሴል ክፍል ጎን እሱን የሚመታ አንድ የታወቀ መድኃኒት ቢጽፉ ብዙ ወጪ የለውም። ባዶ የመድኃኒት ካርቶን ለክፍል ማሳያ የሚፈልግ መምህር ካለ እኛ ጋ በሽ ነው።

ከእናንተ የምጠይቀው የጤና ዓምዱ ላይ በየሳምንቱ አንድ የሴል ክፍል ከሥዕሉ ጋር እንዲወጣ ነው። የመድኃኒት መጠን አይጻፍ፤ ሰው ጋዜጣ አይቶ እንዲወስድ አንፈልግም። ጽሑፉን ያለ ክፍያ አዘጋጃለሁ፣ ከመታተሙ በፊት አንድ ሐኪም እንዲያየው ብታደርጉ ደስ ይለኛል። የመጀመሪያው ስለ ሴል ግድግዳ ቢሆን እመርጣለሁ። የጥቅምት ብርድ ሳይገባ ከወጣ የብዙ እናቶች እጅ ይደርሳል።

ከአክብሮት ጋር፣
አንዲት ፋርማሲስት፣ ከባሕር ዳር