ከዘፋኙ ጀርባ ያለውን ስሚልኝ

አዳማ

ለምወድሽ እህቴ፣

እንደምን ከርመሻል? እኔ ከናፍቆትሽ በቀር ደህና ነኝ፣ እግዚአብሔር ይመስገን። ማን ቀድሞ ዝም አለ የሚለውን እንተወው። አንቺን አርባ ምንጭ፣ ሥራና ልጆች፤ እኔንም ሥራና ቤት መቀየር፤ ዘመኑ እንዲሁ ወሰደን። ያቺ የላክሽልኝ አጭር መልዕክት ግን ውስጤ ቀረች። «እማዬ ካረፈች ወዲህ ሙዚቃ መስማት አቃተኝ፣ ሁሉም አንድ ዓይነት ሆነብኝ፣ እስቲ አንቺ ምን እየሰማሽ ነው?» ነበር ያልሽኝ። በስልክ የሚያልቅ ነገር ስላልሆነ ይኸው ወረቀት አነሳሁ።

አንቺ ግጥም ሰሚ ነሽ። ግቢ ሳለን አዲስ ካሴት ሲወጣ የመጀመሪያ ሥራሽ ግጥሙን ደብተር ላይ መገልበጥ ነበር። እያቆምሽ፣ እየመለስሽ፣ አንዲት ቃል ካልገባችሽ ዶርሙን ሁሉ እየጠየቅሽ። አገሩም እንዲሁ ነው፤ በሰምና ወርቅ ያደገ ጆሮ ቃል ይፈልጋል። አሁን ግን የሚያምሽ ቃሉ ይመስለኛል። ስለ እናት ሲዘፈን ትዘጊዋለሽ፣ ስለ ናፍቆት ሲመጣ ትዘጊዋለሽ። ከዚያ ወዲያ ምን ዘፈን ቀረ? ስለዚህ ምክሬ አንድ ነው፦ ቃሉን ለጊዜው ተዪውና ከዘፋኙ ጀርባ ያሉትን ሰዎች ስሚ። ከዚህ በታች የምጽፍልሽን ሁሉ የመረጥኩት በዚህ ነው፤ አዲስ አሮጌ፣ የኛ የባዕድ አልለየሁም። ዓመቶቹን በፈረንጅ አቆጣጠር ጽፌልሻለሁ፣ ስትፈልጊያቸው እንዳትቸገሪ።

«ቃሉን ሳልሰማ እንዴት?» እንዳትይኝ። የሱዳን ዘፈን ስንወድ የኖርነው ዓረብኛው ገብቶን ነው እንዴ? ሠርግ ቤት መሐመድ ወርዲ ሲከፈት ሽማግሌው ሳይቀር ትከሻውን ይነቀንቅ ነበር፤ ምን እንደሚል የሚያውቅ ግን ከመሃላችን አልነበረም። የያዘን ሌላ ነው። ቫዮሊኖቹ ባንድነት ሲወጡና ሲወርዱ፣ አኮርዲዮኑ ከሥር ሲመልስላቸው፣ ቅኝቱም እንደኛው በአምስት ድምፅ ሲሄድ ጆሯችን ዘመዱን አወቀ። ወርዲ በ2012 አርፏል፤ ከሱ ጀምሪ። ያለ ቃል መስማት እንደምትችይ ራስሽ ታስታውሺያለሽ።

አንድ ነገር አደራ፣ በስልኩ ስፒከር አትስሚ። ያቺ ትንሽ ስፒከር ወፍራሙን ድምፅ ማውጣት ስለማትችል ቤዙን ሙሉ በሙሉ ትበላዋለች፤ የሚደርስሽ ዘፋኙና ጭብጨባው ብቻ ነው። ምናልባት ሁሉም አንድ ዓይነት የሆነብሽም በከፊል በዚህ ይሆናል። ደህና ኢርፎን ግዢ።

ከዚያ ማህሙድ አህመድ በ1975 ከአይቤክስ ባንድ ጋር የሠራውን «እሬ መላ መላ»ን ክፈቺ። ታውቂዋለሽ፣ መቶ ጊዜ ሰምተሽዋል፤ ግን የሰማሽው ማህሙድን ነው። እሱ ድምፁን ሲያንቀጠቅጥ ጆሮሽ ወደሱ መሮጡ አይቀርም፤ እጁን ይዘሽ ወደ ቤዙ መልሺው። ቤዙን የሚመታው ጆቫኒ ሪኮ ነው። እኔ ምስር እየለቀምኩ ሳዳምጠው እጄ ቆሞ ይቀራል። ያችኑ አንድ ሐረግ ይዞ ይዞራል፣ ይዞራል፣ ማህሙድ የፈለገበት ርቆ ሄዶ ሲመለስ እዚያው ያገኘዋል። ኋላ ሮሃ ባንድ የሆኑት እነዚሁ ልጆች ናቸው፤ ጊታሩን ሰላም ሥዩም፣ በሮሃ ጊዜ ደግሞ ኪቦርዱን ዳዊት ይፍሩ። በወጣትነታችን ካባዛናቸው ካሴቶች ውስጥ የስንቱ ሙዚቃ የነሱ እንደሆነ ብታውቂ ትደነቂያለሽ። ሽፋኑ ላይ ግን የዘፋኙ ፎቶ ነው፤ የባንዱ ስም በትንሹ ከታች ቢኖር እንኳ የተጫዋቾቹ ስም ብዙ ጊዜ የለም። ይህ ሁልጊዜ ያንገበግበኛል።

የኛ ጉድ ብቻ እንዳይመስልሽ። አሜሪካ ሞታውን የሚባለው የሙዚቃ ኩባንያ ያን ሁሉ ዘፈን ሲያወጣ ተጫዋቾቹን ሸክላው ላይ አይጽፋቸውም ነበር። ስማቸው የወጣው በ1971 ማርቪን ጌይ «ዋትስ ጎይንግ ኦን»ን ሲያሳትም ነው። እዚያ ውስጥ ቤዝ የሚጫወተው ጄምስ ጄመርሰን ነው። ዘፈኑ ስለ ጦርነትና ስለ ወንድማማች መጨካከን ነው፣ ከባድ ነው፤ ቤዙ ግን ከሥሩ ልብስሽን ይዞ ወደፊት ይስብሻል። እሱን ከሰማሽ በኋላ የማይልስ ዴቪስን «ካይንድ ኦፍ ብሉ» ፈልጊ፣ የ1959 ነው። ጃዝ ይከብደኛል ስትይ አውቃለሁ፤ የመጀመሪያውን ብቻ ስሚ። እዚያ አውራጁ ቤዙ ነው። ፖል ቼምበርስ አንድ ቃል ይጥላል፣ ፒያኖና ጡሩምባዎቹ ሁለት ድምፅ ብቻ መልሰው ይቀበሉታል። የአገር ቤት አውራጅና ተቀባይ ማለት ነው፣ ቁርጥ።

አሁን ወደ ቤት እንመለስ። ዋልያስ ባንድ በ1977 «ቼ በለው» የሚል ሸክላ አሳትሟል፣ ሙሉ በሙሉ በመሣሪያ ነው፤ «ሙዚቃዊ ስልት»ም እዚያ ውስጥ ነው ያለው። እነሱ ሂልተን ይጫወቱ በነበረበት ዘመን ሰዓት እላፊ ስለነበር ታዳሚው እስኪነጋ እዚያው ይቆይ ነበር አሉ። ስሰማው ያ ሌሊት ይታየኛል፤ ማንም አይቸኩልም። ኦርጋኑን የሚጫወተው ኃይሉ መርጊያ የኋላ ኋላ አሜሪካ ቀርቶ ዋሽንግተን ውስጥ ታክሲ ነዳ። ኪቦርዱን መኪናው የኋላ ዕቃ መጫኛ ውስጥ ያስቀምጥና ተሳፋሪ እስኪመጣ ኋላ ወንበር ላይ ይለማመድ ነበር። በ1985 በአኮርዲዮን የሠራትን ካሴት አንድ አሜሪካዊ ባሕር ዳር አግኝቶ በ2013 አሳተማት፤ ከዚያ ዓለም ዞረ፤ በ2018 ደግሞ «ላላ በሉ» የሚል አዲስ ሥራ አወጣ። መጀመሪያ የአኮርዲዮኗን ስሚ። ያን መሣሪያ አባቶቻችን በየሬዲዮው ሲሰሙት የኖሩት ነው፣ እሱ ግን ከሲንተሳይዘርና ከማሽን ከበሮ ጋር አጋብቶታል። ያኔ ለብቻው ተቀምጦ እየደራረበ ነው የቀዳው። የብቸኛ ሰው ሥራ መሆኑ ይሰማል፤ ሐዘን ግን አይደለም፣ እንዴት እንደሆነ አላውቅም።

ትዝታን እወዳለሁ እንደምትይ አልጠራጠርም፣ ግን በድምፅ የሚዘፈነውን ለጊዜው ይለፍሽ። ይልቅ ጌታቸው መኩሪያን ስሚ። ሽለላንና ፉከራን ከአፍ አውጥቶ ሳክስፎን ውስጥ የከተተ ሰው ነው። ኢትዮፒክስ ከሚባለው የኢትዮጵያ ሙዚቃ አልበሞች ተከታታይ ቅጽ 14 የሱ ነው፤ በስተርጅናው ደግሞ ዘ ኤክስ ከሚባሉ የሆላንድ ፓንክ ሮከኞች ጋር በ2006 «ሞዓ አንበሳ»ን ሠራ። ጆሮ ይሰነጥቃል። ልጆቹ ትምህርት ቤት ሲሄዱ ክፈቺው።

አዳማ ምን ሰማሽ ካልሽኝ አሊ ቢራን ነው። ባጃጅ ላይ። እዚህ ባጃጆቹ ከኋላ ወንበር ጀርባ ትልቅ ስፒከር ይገጥማሉ፤ ከፍራንኮ ሰፈር ተሳፍሬ ወደ ቤት ስገባ ቤዙ በጀርባዬ ነው የገባው፣ ጆሮዬ ከዚያ በኋላ ነው የሰማ። የኔ ኦሮምኛ ገበያ የሚያደርስ ብቻ ነው፤ አሽከርካሪው ግን እያንዳንዱን ስንኝ አብሮ ይላል። አሊ ድሬዳዋ ከአፍረን ቀሎ ልጆች ጋር ነው የጀመረው፤ ኦሮምኛ በአደባባይ መዝፈን ቀላል ባልነበረበት ዘመን። በአማርኛ፣ በሐረሪ፣ በሶማሊኛና በዓረብኛም ዘፍኗል። ኡዱን፣ ያን የዓረቦች ባለ አውታር መሣሪያ፣ ለብቻው ለይተሽ ስሚው፤ ድሬዳዋ የባቡር ከተማ እንደነበረች፣ የባሕሩ ማዶ ሙዚቃ በዚያ በኩል ይገባ እንደነበር ይነግርሻል። በ2022 ያረፈው እዚሁ አዳማ ነው፤ ከዚያ ወደ ድሬዳዋ ተሸኘ።

ሌሊት እንቅልፍ እንቢ ሲልሽ እማሆይ ጽጌ ማርያም ገብሩን ስሚ፣ ኢትዮፒክስ ቅጽ 21። ከዚህ ደብዳቤ አንድ ነገር ብቻ ብትወስጂ እሳቸውን ውሰጂልኝ። በልጅነታቸው ስዊዘርላንድ ተልከው ቫዮሊን ተማሩ፣ ኋላ ካይሮ፣ ከዚያ ሁሉን ትተው ግሸን ማርያም ገብተው ለዓመታት በባዶ እግራቸው ኖሩ። የመጀመሪያ ሸክላቸው በ1967 ጀርመን አገር ታተመ፣ ገቢው ለድሆች ልጆች። በ2023 ኢየሩሳሌም በ99 ዓመታቸው አረፉ። ፒያኖ ብቻ ነው፣ ሌላ ምንም። ግራ እጃቸው የፈረንጅ ቫልስ ይመስላል፣ እየተወዛወዘ ይሄዳል፤ ቀኝ እጃቸው ግን የደብተራ ነው፣ ድምፁን ያንቀረቅባል፣ ያቆየዋል፣ ሳይጠበቅ ይለቀዋል። ምቱ ቀጥ ብሎ አይሄድም። አንዳንዴ የሚያስቡ ይመስል ትንሽ ይዘገያሉ። እናትሽ ነፍሳቸውን ይማርና ቡና ሲቀዱ እንዲሁ ነበሩ፤ መሃል ላይ ቆም ብለው ነገር ያስታውሱ ነበር። ይህን ልጽፍልሽ አመነታሁ፣ ግን እናትሽን ሳልጠቅስ ደብዳቤ መዝጋት ደግሞ ይከብደኛል።

ፒያኖው ከጣመሽ ግሌን ጉልድ የባህን «ጎልድበርግ» ሁለት ጊዜ ቀድቶታል፣ በ1955 በ22 ዓመቱና በ1981 ሊሞት አንድ ዓመት ሲቀረው። የወጣትነቱ ይሮጣል፤ የኋለኛው ቀስ ይላል። ሁለቱንም ስሚና እሱ ራሱ እየተጫወተ ሲያንጎራጉር ለመያዝ ሞክሪ፤ በደንብ ይሰማል።

በገናን ግን አሁን አትጀምሪ። ዓለሙ አጋን እወዳቸዋለሁ፣ በጾም ከሳቸው ሌላ አልሰማም፤ ነገር ግን የበገና ቃል ሞትን ፊት ለፊት ነው የሚያነሳው፣ አንቺ ደግሞ ቃል ሳትሰሚ አታልፊም። ጊዜው ሲደርስ በዐሥሩ አውታሮች ጀምሪ። ያ ንዝረት የሚመጣው በአውታሩና በማረፊያው እንጨት መካከል ከሚገባው እንዚራ ከሚሉት ቁራጭ ቆዳ ነው። ድምፃቸው ከመግባቱ በፊት እሱን ብቻ ተከተዪ። በገናው እስኪደርስ የማሊዎቹ አሊ ፋርካ ቱሬና ቱማኒ ዲያባቴ ይብቁሽ፤ በ2005 የወጣው «ኢን ዘ ሃርት ኦፍ ዘ ሙን» ባማኮ ውስጥ ሆቴል ተቀምጠው የቀዱት ነው። ጊታርና ባለ 21 አውታሩ ኮራ። አርባ ምንጭ ሐይቁ ፊት ተቀምጦ ለመስማት የሚሆን ከሱ የተሻለ አላውቅም። ሁለቱም አሁን በሕይወት የሉም።

«ዘንድሮስ?» ትያለሽ። የዛሬ ልጆች ሙዚቃ የለም የሚለውን ክርክር አልወደውም። እጅጋየሁ ሽባባው በ2001 በስሟ ያሳተመችው ዛሬም አዲስ ነው፤ ያዘጋጀው ቢል ላዝዌል ራሱ ቤዝ ተጫዋች ስለሆነ ከሥሩ ያለው ነገር ይለያል፣ ሄርቢ ሃንኮክና ዌይን ሾርተርም ገብተውበታል። የጃኖ ባንድን «ኤርታሌ»ም ያዘጋጀው እሱ ነው፣ ሮክ ከወደድሽ። የእዮብ መኰንን «እንደ ቃል» ያቀናበረው ኤልያስ መልካ ነው። ሬጌ ነው፣ ቤዙ በሰላም ነው የሚሄደው፣ የቦብ ማርሌን «ኤክሶደስ» ካጠገቡ አድርጊና አወዳድሪ። ሁለቱንም በጊዜ አጣናቸው፣ እዮብን በ2013፣ ኤልያስን በ2019። የሳሙኤል ይርጋ «ጉዞ»፣ 2012፣ ፒያኖ። የሮፍናን «ነፀብራቅ»፣ 2018፣ ኤሌክትሮኒክ፤ ትልቁ ልጅሽ ሳያውቀው አይቀርም፣ ጠይቂውና አብራችሁ ስሙት። የገጠሩን ድምፅ ከማሽኑ ጋር ሲያጋጥመው ማን ማንን እንደሚመራ አብራችሁ ለዩ።

የመጨረሻው ካንቺ የምፈልገው ነው። ከአርባ ምንጭ ወደ ጨንቻ ሲወጣ ዶርዜ አለልሽ። የዶርዜ ሰዎች ሲዘፍኑ መሣሪያ የለም፣ ሁሉም የየራሱን ድምፅ ይዞ ይገባል፣ አንዱ ከላይ አንዱ ከታች፣ እርስ በርሳቸው ተጠላልፈው። ዘፋኙ የትኛው ነው ብትይ አታገኚውም። እኔ በቅጂ እንጂ በአካል ሰምቼው አላውቅም። መስቀል ሲደርስ ልጆቹን ይዘሽ ውጪና በስልክሽ ቅጂልኝ፤ ከቅርብ፣ ከመሃላቸው፣ ከዳር ሆነሽ አይደለም። ስትልኪልኝ የትኛውን ድምፅ ተከትለሽ እንደሰማሽ ጻፊልኝ።

ልጆቹን ሳሚልኝ። ለባለቤትሽም ሰላምታዬን አድርሺ።

የምትወድሽ እህትሽ